በመቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ

ኩልና ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነውና፣
ማስተማር ማለት መጮኽ ነው። እጮኻለሁ እንደገና፦
«ኩባያው ተሰበረ!» ሠላሳ ስምንት ልጅ ባንድ አፍ «ተሰበረ!»
ማን ሰበረው? አይልም መጽሐፉ። ግሡ ተገብሮ ነው፤ ሰባሪው ተሰወረ።

ማታ ማታ ደግሞ ተማሪዋ እኔ ነኝ፤
ሩፕሻን በጀልባ ተሻግሬ፣ ጭቃዬን በጋዜጣ ጠርጌ፣
ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ከማራገቢያው በታች ጥግ ፈልጌ።
ፕሮፌሰር ኦኒንዶ ንድፈ ሐሳብን የሚያስተምረው
እንደ ዓሣ ሻጭ ነው፤ ስንጥቡን ገልጦ፣ ቀዩን አሳይቶ፣ «አሽትቱት» ብሎ ነው።
«ልብ ወለድ ቤት ነው» አለን፤ «ባለቤቶቹን ተዉአቸው፣
እነሱማ ብዙ አውርተዋል። በጓሮ በር የሚገቡትን ቁጠሯቸው።»

ቆጠርሁ።
አራት መቶ ገጽ የእንግሊዝ ቤት፣ ባለ ሃያ መስኮት፣
ፍቅር፣ ውርስ፣ ደብዳቤ፣ የጉንፋን ሞት፤
በመቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዲት ሴት
ሻይ ይዛ ገባች። አስቀመጠች። ወጣች።
አንድ ዓረፍተ ነገር ተኩል። ስም አልወጣላት፤
በሩ እንኳ ሲዘጋ ይጮኻል፤ እሷን ግን ደራሲው ዝም አሰኛት።
ሻዩስ ከየት መጣ? ከሲልሄት ኮረብታ ይሆናል፣
ካጎነበሰች ሴት ቅርጫት፤ በልብ ወለዱ «መልካም መዓዛ» ይባላል።
ይህን በኅዳጉ ጻፍሁ፤ እርሳሴ ተንቀጠቀጠ፣
ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደ ያዘ ሰው፣ ልቤ ደረቴን ረገጠ።
ማርክም አገኘሁበት። ሰባ ስምንት።

ከዚያ ወዲያ የሰባተኛ ክፍሉን መጽሐፍ አልማረውም።
ምዕራፍ አራት፤ የራሺድ ቤተሰብ። አባት ጋዜጣ ያነባል።
ራሺድ ኳስ ይጫወታል። «እናት የት ናት?»
ሠላሳ ስምንት እርሳስ፣ በነጠብጣቡ መሥመር፣ ማዕድ ቤት አስገባት።

«ቆዩ» አልሁ። «የሚጠይቀው ማን ነው? እሷ ብትጠየቅስ ምን ትላለች?»
«ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ ቶንሞይ።
«አይመጣም።»
ብዕሩን ከደነ።

ሺውሊ ግን፣ የቀዛፊው ልጅ፣ ከሚያፈሰው መስኮት ሥር፣
እጇን አነሣች፤ ዝናቡም ጋብ ያለ መሰለኝ ስትናገር፦
«ማህፉዛ አፓ፣ የኻላ ስም ማን ነው?»

ኻላ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ደወሉን የምትደውል፣
ወለሉን የምትወለውል፣
በየቀኑ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ልክ ቅድም፣
ሻይ ይዛ ገባች። አስቀመጠች። ወጣች።
አሥራ አንድ ዓመት።

ኩባያውን አየሁት። ገና ይተን ነበር።

ከመጨረሻው ደወል በኋላ ከጋኑ ጀርባ ጨርቅ ስትጨምቅ አገኘኋት።
«ስምሽ ማን ነው?» አልሁ፤ ነገሩን ቀላል ላስመስል ብዬ ፈገግ አልሁላት።
ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።
«ምን አጠፋሁ፣ አፓ? ኩባያው ነው? የርእሰ መምህሩ ኩባያ?
እሱን እኔ አልሰበርሁትም፤ ሲመጣም ስንጥቅ ነበረው።
ከደመወዜ አትቁረጡብኝ።»

ስም የሚጠየቅ ሊቆረጥ ሲል ነው ለካ፤
ይህን ማንም በኅዳግ አልጻፈልኝም።
«አይ፣ ምንም የለም፣ እንዲሁ ነው» ስላት
አላመነችኝም። ስሟን ነገረችኝ፤ የባሏን አስከትላ፣
ቅጽ እንደሚሞላ ሰው፣ ፊደል በፊደል ለያይታ፣
ቀና ሳትል።

አሁን ሌሊት ነው። ነገ ፈተና አለ።
ጥያቄ አንድ፤ ከመምሪያው የተላከ፤ መለወጥ አይቻልም፦
«ኩባያው ተሰበረ። ወደ ገቢር ቀይሩ።»
ለአራሚው መልሱን መጻፍ ነበረብኝ።
ሻማው ሊያልቅ ነው፤ የባለቤቱን ቦታ
ደጋግሜ ጽፌ፣ ደጋግሜ በላጲስ ፈግፍጌ፣
ወረቀቱ እዚያ ላይ ተበሳ።